«ገፊ» ከመባልሽ በፊት

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው። በተወለድኩ በሦስተኛው ሳምንት አባቴ ሞተ። ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ወባ ያዘውና እዚያው ቀረ። ስሜን እንኳ በሰው ልኮ ነው ያወጣልኝ። የአባቴ እናት «ገፊ» አለችኝ፣ ዘመዱም ያንኑ ተቀበለ። አሁን እጮኛዬ ሽማግሌ ልላክ ሲለኝ እምቢ አልኩት። እሱንም የምገፋው ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው «ገፊ» ላይ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን «በሰው ልኮ» የምትለዋ ያዘችኝ። አንቺ እንደዋዛ ነው ያለፍሻት።

ናሬቲቭ ቴራፒ የሚባል የምክር ዘዴ አለ። አውስትራሊያዊው ማይክል ዋይትና ኒውዚላንድ የሚሠራው ዴቪድ ኤፕስተን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያመጡት ነው። ዋናው ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ችግሩ ራሱ ነው ችግር እንጂ ሰውየው አይደለም። ስለዚህ አንቺ ሌላ፣ «ገፊ» ሌላ። ፊት ለፊት ብንገናኝ ስለ «ገፊ» ልክ ስለ አንድ ጎረቤት እንደሚጠየቅ ነበር የምጠይቅሽ። መቼ ቤታችሁ ገባ? በማን አፍ? መቼ መቼ ይበረታል? ሽማግሌ እንዳይላክ የከለከለው እሱ አይደለም ወይ?

አያትሽን ለመውቀስ አይደለም። ልጇን በእጇ ያልቀበረች እናት ናት። ሐዘኗን የምታሳርፍበት ስታጣ አራስ ቤት ያለሽው አንቺ ቀረብሻት። ሰሊጥ የሚታጨደው ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበረታበት ሰሞን ነው። አባትሽን የገደለችው ትንኝ ናት። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ማወቅ ብቻውን ቢበቃማ አትጽፊልኝም ነበር።

አንድ ታሪክ ሲደጋገም ከሱ ጋር የማይገጥመውን ሁሉ ይውጣል። የአባትሽንም መልእክት ውጦታል። እስቲ አስቢው። ቆላ ላይ፣ በዚያ ሐሩር፣ ሴት ልጅ ተወለደችልህ ተባለ። ስም አሰበ። ከዚያ ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ፈልጎ «እንዲህ በሏት» አለ። ማጭዱን አስቀምጦ ይሆን? ሳቀ ይሆን?

እናትሽን ጠይቂያት፤ ቡና አፍልታችሁ፣ ሳትቸኩሉ። መልእክቱን ያመጣው ማን ነበር? ሰውየው በሕይወት ካለ ሄደሽ ስሚው። የነገረሽን እንዳለ ጻፊው። ከዚያ ለእጮኛሽ አንብቢለት። አይምከርሽ፣ አያባብልሽ። ልቡን የነካውን ብቻ ይንገርሽ። በዚህ ሕክምና እንዲህ ያለውን ሰው ምስክር ነው የምንለው።

«ገፊ» በአንድ ጊዜ አይለቅም። ለሠርጉ ሽር ጉድ ሲባል ብቅ ማለቱ አይቀርም፤ አትደንግጪ። እንቅልፍ እስኪነሳሽ ከደረሰ ግን ባለሙያ ዘንድ በአካል ሂጂ።

ለእጮኛሽም እምቢ ያልሽው ለምን እንደሆነ ዛሬውኑ ንገሪው። የማትፈልጊው መስሎት እየተብሰለሰለ ይሆናል።