ጨረር የጎዳው የደም ሥር ነው ወይስ የተመለሰ ዕጢ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፈው ከደብረ ሲና ነው። አባቴ የጭንቅላት ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው ጨረር ከጨረሱ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። ደህና ነበሩ። አሁን ራስ ምታት ጀመራቸው፣ ሲኒም ከቀኝ እጃቸው ይወድቃል። የኤምአርአይ ውጤቱ «ዕጢው ተመልሶ ወይም ጨረሩ ያመጣው ለውጥ ሊሆን ይችላል» ይላል። ቁርጡን መናገር እንዴት ያቅታቸዋል? ዴክሳሜታዞን ታዞላቸዋል። ዘመድ ደግሞ ክኒኑን ትተው ጸበል ይግቡ እያለ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ውጤቱን የጻፈው ሐኪም አልሸሸም። በአንድ ፎቶ ብቻ «ተመልሷል» ብሎ ቢቆርጥ ነበር እኔ የምጠራጠረው።

ጨረር ዕጢውን ብቻ መርጦ አይመታም። በዙሪያው ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን ወዲያው አይታይም፣ ከወራት አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው፣ የሥሮቹ ግድግዳ ይወፍራል፣ አንዳንዱ ይዘጋል፣ አንዳንዱ ያፈሳል፣ ደም ያጣው የአንጎል ክፍል ይሞትና ዙሪያው ያብጣል። ያ እብጠት እንደ ዕጢ ራስ ያማል፣ እጅ ያዝላል፣ ያንቀጠቅጣል። ዓመት ከመንፈቅም ለሁለቱም የሚሆን ጊዜ ነው። ስለዚህ ከምልክቱ ብቻ መለየት አይቻልም።

ኤምአርአይ ላይ በክንድ የሚሰጠው ጋዶሊኒየም የሚባል ማድመቂያ መድኃኒት ከጤነኛ የአንጎል ደም ሥር ወደ ውጭ አይወጣም። ሥሩ ካፈሰሰ ግን ቦታው ነጭ ሆኖ ያበራል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፦ የዕጢ ደም ሥርም ያፈሳል፣ በጨረር የተጎዳውም ያፈሳል። ሸዋ ሮቢት ላይ ከሩቅ የራሰ መሬት ብታዪ ውሃ የሚጠጣ የሽንኩርት ማሳ ይሁን ቧንቧ የፈነዳበት ቦታ በምን ታውቂያለሽ? ቀረብ ብለሽ ውሃው ምን ያህል እንደሚፈስ ማየት አለብሽ።

ይህንን የሚያይ ተጨማሪ ምርመራ አለ፣ ፐርፊዩዥን ይባላል። እዚያው ኤምአርአይ ማሽን ላይ የሚሠራ ሲሆን ቦታው ምን ያህል ደም እንደያዘ ይለካል። ኃይለኛ ዕጢ ለራሱ አዳዲስ የደም ሥር ስለሚያበቅል ደሙ ይበዛል፤ ጨረር የገደለው ቦታ ደሙ ያንሳል። ስፔክትሮስኮፒ የሚባለው ደግሞ ኬሚካሉን ያያል፦ ኮሊን ከፍ ካለ ወደ ዕጢ ያዘነብላል፣ ስብና ላክቴት ከበዛ ወደ ሞተ ሥጋ። ለደም ፍሳሽ የሚነሣ ሌላም ፎቶ አለ፣ ጨረር ባለፈበት ቦታ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችን ያሳያል። «ፐርፊዩዥን ተሠርቶላቸዋል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ማፈር የለም።

ይህም ሆኖ ዕጢና የሞተ ሥጋ ተቀላቅለው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ ፎቶው ሁሉ መሐል ላይ ይቆማል፣ ናሙና መውሰድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ናሙናውም ቢሆን መርፌው የነካውን ቦታ ብቻ ነው የሚናገረው።

አሁን ካንቺ የምፈልገው የድሮ ፎቶዎቻቸውን ነው። ወረቀቱን አላልኩም፣ ሲዲውን ወይም ፊልሙን ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተነሡት፣ ከጨረሩ በኋላ የተነሡት፣ አንድም ሳይቀር። ጨረሩ መቼ እንዳለቀ፣ በምን መጠንና በየትኛው በኩል እንደተሰጠ የሚገልጸውን ማጠቃለያም ካከሟቸው ክፍል አስወጪ። ብዙ ቤተሰብ አዲስ አበባ ድረስ ይሄድና ሲዲው ደብረ ሲና ሣጥን ውስጥ ቀርቶ ይገኛል፣ ሐኪሙም ያለ ማወዳደሪያ ይገምታል።

ወደ ክኒኑ። ዴክሳሜታዞን እብጠቱን ይቀንሳል። ሲሻላቸው «ዕጢ አልነበረም ማለት ነው» እንዳትሉ፣ የዕጢ እብጠትም በእሱ ይቀንሳል። ጻድቃኔ ማርያም ቢሄዱ እኔ ምን ከልካይ ነኝ፣ ክኒኑ ግን አብሮ ይሂድ። ለሳምንታት የወሰዱትን በአንዴ ማቆም አደገኛ ነው፤ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ቀንሶ ስለሚቆይ ሊዝለፈለፉ ይችላሉ። የሚቀነሰው ቀስ በቀስ፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው። ጠዋት ምግብ ቀምሰው ይውሰዱት፣ ስኳራቸውም ይለካ።

ከተረጋጉ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ፎቶው ይደገማል። ዕጢ ከሆነ እያደገ ይሄዳል፣ የጨረር ጉዳት ግን ሊረጋ ወይም ሊያንስ ይችላል፤ መጀመሪያ ጨምሮ በኋላ የሚቀንስም አለ፣ ለዚህ ነው ሐኪሞቹ የማይቸኩሉት። እስከዚያ ድረስ ካስመለሳቸው፣ ከወትሮው በላይ ካንቀላፉ ወይም ካንቀጠቀጣቸው ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልጋችሁ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሷቸው።