መልስ፦ መነጽር የልብስ ሰፊዎችን ሥራ ያፈጥናል ወይ?
ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ሰፊዎችህ መዘግየታቸውን ገልጸህ መነጽር ይረዳ እንደሆነ ጠይቀሃል። በጣም ይረዳል! እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ የህንድ አሳም ጥናት፣ መነጽር ያገኙ ሻይ ለቃሚዎች የምርት ጭማሪ ካላገኙት በ20 በመቶ ገደማ በልጧል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመነጽሩ ቁጥር (የሌንሱ ኃይል) ላይ ነው። ሠራተኛዋ ቀና ብላ ተቀምጣ ከዓይኗ እስከ መርፌው ያለውን ርቀት ለካና ለዓይን መርማሪው ንገር። የሩቅ ዕይታዋ ደህና ሆኖ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ለምትሠራ ሴት +2.50 ከተሰጣት፣ ከ40 ሳንቲ ሜትር የራቀው ሁሉ ይደበዝዝባታል። ስለዚህ ጎንበስ ብላ ትውላለች፤ አንገቷን ሲያማትም አውልቃ ታስቀምጠዋለች። ሙከራውም እዚያው ማሽኑ ላይ፣ በጥቁር ጨርቅና በጥቁር ክር ይሁን።

የብረት መፍጫ ማሽን ላይ የሚሠሩ ካሉህ ግን ይህ መነጽር መከላከያ አይደለም፤ ከላይ የደህንነት መነጽር ይደረብ።