ጣፊያና ቆሽት፣ «ን» እና «ከ»

ከደሴ አንዲት እህት እንዲህ ስትል ጠይቃናለች፦ «ጋሼ፣ አጎቴ የቆሽት ካንሰር አለባቸው ተባለ። ዘመድ ጎረቤቱ ግን የጣፊያ ኦፕራሲዮን ነው የሚለው። አንድ ናቸው እንዴ? ደግሞስ ቆሽታቸው ይወጣል ማለት ልክ ነው?»

አንድ አይደሉም። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽና ኢንሱሊን ያመነጫል። ጣፊያ በግራ ጎን፣ ከቆሽት ጭራ አጠገብ ነው፤ ሥራውም ከደም ጋር ነው። በግ የገፈፈ ሰው ጣፊያን አያጣትም። ቆሽትን ግን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ስንናደድ ነው፣ «ቆሽቴ አረረ» እያልን። በዜና ላይ ሳይቀር «የጣፊያ ካንሰር» የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ «ያው ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ካንሰሩ የቆሽቱ ጭራ ላይ ሲሆን ሐኪሞች ያን ክፍል ሲቆርጡ ብዙ ጊዜ ጣፊያውንም አብረው ያወጡታል፤ ጣፊያ የሌለው ሰው ደግሞ ለአንዳንድ ኢንፌክሽን ስለሚጋለጥ ክትባት ያስፈልገዋል። ታዲያ ቤተሰቡ ሁለቱንም «ጣፊያ» ካለ፣ ምኑ ወጥቶ ምኑ እንደቀረ በምን ይወቅ?

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። «ቆሽታቸውን አወጡላቸው» ካልሽ ሰሚው ሙሉውን ነው የሚረዳው። «ከቆሽታቸው ቆርጠው አወጡላቸው» ስትዪ ግን የቀረ አለ ማለት ነው። «ን» ጠቅልላ ትወስዳለች፣ «ከ» ታስተርፋለች። አብዛኛው የቆሽት ቀዶ ጥገና የ«ከ» ነው። ካንሰሩ የቆሽቱ ራስ ላይ ሲሆን የሚሠራው ዊፕል ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ሥራው ካሳተመው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ከአለን ዊፕል ነው። የቆሽቱ ራስ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢቱና ከሐሞት ቱቦው ከፊሉ ይወጣሉ፤ አንዳንዴ ከጨጓራውም ይቆረጣል። ከዚያ የተረፈው ቆሽት፣ የሐሞት ቱቦውና ጨጓራው እንደገና ከአንጀት ጋር ይሰፋሉ። ረጅም ሥራ ነው፣ ሰዓታት ይፈጃል።

«ቆሽታቸው ወጣ» በትክክል የሚባለው ሙሉው ሲወጣ ብቻ ነው። ያኔ ሰውየው ዕድሜ ልኩን ኢንሱሊን ይወጋል፣ ከምግብ ጋርም የመፍጫ መድኃኒት ይወስዳል። ስለዚህ «ይወጣል» ብለሽ አጎትሽን ከማስደንገጥሽ በፊት የትኛው እንደሆነ አጣሪ።

«ኦፕራሲዮን» ማለቱ ግን ችግር የለውም፣ አብሽሪ፤ ከ«ቀዶ ጥገና» ጋር ተስማምቶ ኖሯል። ሐኪሙን ስታገኚው እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «ከቆሽታቸው የሚቆረጠው ራሱ ነው ጭራው? ጣፊያቸውስ ይቀራል?»