ከሌላ ከተማ ወደ ባሕር ዳር፦ ቤት ለሚፈልጉ ጥያቄና መልስ

ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ሥራ ተዛውሬ ልመጣ ነው። ልከራይ ወይስ ቀጥታ ልግዛ?

መልስ፦ ተከራይ። አንድ ክረምት ሳታሳልፍ ባሕር ዳር ቤት አትግዛ። ከተማው ሜዳ ነው፣ ጣናም እግሩ ሥር ነው። በጥር ያየኸው ደረቅ ግቢ በነሐሴ ረግረግ ሊሆን ይችላል። ግድግዳውን ከታች ጀምረህ እየው። ቀለሙ ከወለሉ በላይ አንድ ክንድ ያህል ብቻ አዲስ ከሆነ፣ ውኃ የደረሰበትን ሸፍነውልህ ይሆናል። የጉድጓድ ክዳን ካለ አስከፍት።

ከድሬዳዋ፦ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ዘንዘልማ በኩል ርካሽ ቦታ አገኘሁ። የሚሸጠው ገበሬው ራሱ ነው። ሦስት ምስክር ይፈርማል፣ ሽማግሌም አለ።

መልስ፦ ይሄን ስንቴ ልመልስ? የገበሬ መሬት አትግዙ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ምስክሩ አሥር ቢሆንም ያው ነው። ነገ ከተማው ሰፍቶ መሬቱ ሲካለል፣ ካሳ የሚጠየቀው በባለይዞታው ስም ነው። ያንተ ጨረቃ ቤት ትፈርሳለች።

ከተማ ውስጥም ቢሆን የምትገዛው ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። ሊዝ ከሆነ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው። ስንቱ እንዳለፈና ውዝፍ እንዳለ ጠይቅ። ደላላ ያሳየህን ካርታ አትመን። ሻጩን ይዘህ መሬት አስተዳደር ሂድ፣ ካርታውን ከማኅደሩ ጋር አስመሳክር፣ ዕዳና እገዳውን አጣራ። ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት ፊት ይመዝገብ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ነው።

ከጅማ፦ ኪራይ ስንት ነው?

መልስ፦ የት ሰፈር? ስንት ክፍል? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ?

ከጅማ፦ በአማካይ ማለቴ ነው።

መልስ፦ በአማካይ የሚያከራይ ሰው አላውቅም።

ተሳታፊ፦ ሽምብጥ ይሻልሃል፣ ጥላው ብቻ ይበቃል።

ሌላ ተሳታፊ፦ ኧረ አባይ ማዶ! በ2016 አዲሱ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ መሻገሩ ቀላል ሆኗል።

ተሳታፊ፦ ትንኙንስ?

ሌላ ተሳታፊ፦ ሽምብጥ ትንኝ የለም ልትል ነው? እምቦጭ የሚሉት አረምም ጣናን ከወረረ በኋላ...

ተሳታፊ፦ እምቦጩ የባሰው በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው። ምን አገናኘው?

መልስ፦ ሁለታችሁም አጎበር ግዙ። ወደ ቤት እንመለስ።

ከደሴ፦ አከራዬ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል አለኝ። ሕጉ አይከለክልም?

መልስ፦ አዋጅ 1320/2016 ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። ክልሎች ላይ ግን የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ከመጨቃጨቅህ በፊት ከተማው ላይ ይሠራ እንደሆነ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። የምትከፍለውን በባንክ ክፈል፣ በእጅ አትስጥ።

ከነቀምቴ፦ የጸጥታው ነገርስ?

መልስ፦ እዚያ የሚኖር ሰው ደውለህ ጠይቅ። የኔ ነገር ካርታ ነው።

ከአዳማ፦ መሸንቲ በኩል አንድ ገበሬ...

መልስ፦ ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።

ከአዳማ፦ ይሄ ግን ዘመዴ ነው።

መልስ፦ እንግዲያው ለበዓል ሂድና ጠላውን ጠጣ። መሬቱን አትግዛ።