ደብተራችሁን ለማታውቁት ሰው ጻፉ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ዶሮ መዝለያ ላይ መዶሻና ኮምፓስ ይዛችሁ፣ መንገዱ የቆረጠውን ገደል ስታጠኑ አግኝቻችሁ ደስ ብሎኝ ነበር። የመስክ ደብተራችሁን አሳዩኝ ስል ግን አንዳችሁ ስልኩን አውጥቶ፣ "ፎቶ አንስቻለሁ፣ ይበቃል" አለኝ። ያ ቃል ነው ይህን ያስጻፈኝ።

በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የመጣ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት ነበር። ሕንድ አገር የዴካንን ባዛልት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ ጥቁር ድንጋይ፣ ያጠና ሰው ነው። ከዙላ ወደብ ተነስቶ በሰንዓፈ፣ በአዲግራት፣ በአንጣሎና በአሸንጌ በኩል ወደ ወሎ ዘለቀ። ከሠራዊት ጋር የሚጓዝ ሰው በፈለገበት ቦታ አይቆምም። ቢሆንም የታችኛው ባዛልት ማዘንበሉን፣ የላይኛው ደግሞ በእሱ ላይ ተነጥፎ መቀመጡን ልብ አለ። የታችኛውን አሸንጌ፣ የላይኛውን መቅደላ ብሎ ሰየማቸው፤ በ1870 እ.ኤ.አ. አሳተመው። የዚህ ባዛልት ዕድሜ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት እንደሚጠጋ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አከፋፈሉ ብዙ ተሻሽሏል። ያየውን በየቦታው ስለጻፈ ግን ዛሬም እሱ በቆመበት ቆመን ልንሟገተው እንችላለን።

ግንቦት 1953 ዓ.ም. ካራቆሬ ላይ መሬት ሲናወጥና ማጀቴ ስትፈርስ እኔ ኮምቦልቻ የምኖር ትንሽ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ጋቢ አልብሳን ደጅ አሳደረችን። ካደግሁ በኋላ ያን ሌሊት በፒየር ጉዌን ሥራ ውስጥ አገኘሁት። ጉዌን በአዲስ አበባ የመሬት መናወጥን የሚከታተለውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙ የኢየሱሳውያን ቄስ ናቸው። መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን የደረሰውን መናወጥ ከዜና መዋዕል፣ ከመንገደኞች ማስታወሻና ከደብዳቤ ለቅመው በ1979 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። "ዛሬ ምድር ተናወጠ" ብሎ ቀኑን ያሰፈረ አንድ ጸሐፊ፣ ዛሬ በቦርከና ሸለቆ ፎቅ ለሚሠራ መሐንዲስ ይጠቅማል። ይህን ሳስበው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በወጣትነቴ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ውፍረቱ አንድ ክንድ የማይሞላ የከሰል ንጣፍ አገኘሁ። "ከትልቁ ዋርካ 40 እርምጃ ወደ ምሥራቅ" ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። የሐምሌ ዝናብ ገጹን አገኘው፤ 40 ይሁን 10 የማይለይ ሰማያዊ ደመና ሆነ። ከዓመታት በኋላ ስመለስ ዋርካውም ተቆርጧል። ሁለት ቀን ፈልጌ ባዶ እጄን ገባሁ።

ስለዚህ በእርሳስ ጻፉ፤ የደሴ ጉም ሲወርድ እርሳስ አይከዳም። ቀኑን፣ የጂፒኤሱን ቁጥር፣ ንጣፉ ወዴት በስንት ዲግሪ እንደሚያዘነብል አስፍሩ። በእጃችሁ ንድፉን ሳሉ፤ መሳል ዓይንን ያስገድዳል፣ ካሜራ ግን ሳታዩም ያነሳል። ያያችሁትን በቀኝ ገጽ፣ የገመታችሁትን በግራ አድርጉ። የቦታውንም ስም ከእረኛው ጠይቁ፤ ካርታ ላይ የሌለ ስም እሱ ዘንድ አለ። የተሳሳታችሁትን አትፋቁ፣ በአንድ መስመር ብቻ ሰርዙት።

ቤቴ አልጋ ሥር በቆርቆሮ ሳጥን 11 ደብተሮች አሉኝ። ጠርዛቸውን አይጥ ጀምሮታል። ቅዳሜ ከሰዓት ኑና አብረን ገጽ በገጽ ፎቶ እናንሳቸው፤ ያልገባችሁን የእጅ ጽሑፌን እኔው አነብላችኋለሁ።