መነኩሴው የት ይቁም?

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ስለ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ናቸው፤ ከተማ ገንብተህ ጦር የምትመራበት የኮምፒውተር ጌም ነው። ጎንደር ፒያሳ ሌላ ጌም የለም እንዴ?

አንድ የማራኪ ሰፈር ልጅ መነኩሴዎቹ (በጌሙ ቁስለኛ የሚያክሙት) ሁልጊዜ ቀድመው እንደሚሞቱበት ጽፎ፣ ከጦሩ ፊት ይሁን ከኋላ ያቁማቸው እንደሆነ ጠይቋል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ «ጦሬ ሲሸነፍ ወዴት ይሸሻል?» በል። መነኩሴህ እዚያ ይጠብቅ። ቅዳሜ ዕለት ጌም ቤት አንዱን ልጅ ከጀርባው ቆሜ አየሁት። ስድስት መነኩሴ ከጦረኞቹ ተረከዝ ሥር ደርድሯል። የጠላት ፈረሰኛ በጎን ዞሮ ሲመጣ ጦረኞቹን ወደ ካስሉ መለሳቸው፤ መነኩሴዎቹ ግን ቀርፋፋ ናቸውና ሜዳ ላይ ቀሩ፣ አለቁ። ካስሉ ቀስት ሥር ቢያቆማቸው ኖሮ ቁስለኛው ራሱ ይመጣላቸው ነበር። ካስሉ ውስጥ የገባውማ ያለ መነኩሴም ቀስ እያለ ያገግማል።

ማንጎኔልም (ድንጋይ ወርዋሪው ማሽን) ጠላት አጠገቡ ከደረሰ መተኮስ አይችልም። ድንጋዩ ደግሞ ወገን ከጠላት አይለይም። ወደ ጎን ፈቀቅ አድርገው፤ ዒላማውንም ራስህ ስጠው፣ የጠላት የኋላ ረድፍ ላይ ይረፍ።

ታወር የት ልትከል ላልከው፣ ፋሲል ግቢ ቅርብህ ነው፣ ሂድና እይ። የፋሲል ቤተ መንግሥት ክብ ማማዎች አራቱ ማዕዘን ላይ ናቸው። ማዕዘን ላይ የቆመ ሁለት ግድግዳ ይጠብቃል፤ አንተ መሃል ላይ ትተክልና አንዱን ብቻ ታያለህ።

«ትሬቡሼቴ አይተኩስም።» ግንብ ማፍረሻውን ማሽን አልዘረጋኸዋ!

«ኢትዮጵያውያን ለመከላከል ይሆናሉ?» እ.ኤ.አ. በ2015 ጌሙ ውስጥ ሲገቡ ጠላቴም ወዳጄም መረጣቸው። ቀስተኞቻቸው በ18 በመቶ ፈጥነው ይተኩሳሉ፣ የፓይክማን (የረጅም ጦር ያዡ) ማሻሻያም ነፃ ነው፤ ስለዚህ አዎ። ልዩ ወታደራቸውን ሾተለኛውን ግን ዘብ አታቁመው፤ ሮጦ መቺ ነው፣ ቀስት አይችልም።

ላፕቶፗ የሚግልባት እህት፦ ጠጋኝ ጋ ውሰጂው። አልጋ ላይ አስቀምጠሽ መጫወቱንም ተይ።

ሌሊት ሌሊት አውራ ጣቱና አጠገቡ ያሉት ጣቶች የሚደነዝዙበት ወጣት ደግሞ የትኛው ማውዝ እንደሚሻል ጠይቋል። ማውዙን ተወው፣ ሐኪም ጋ ሂድ። በእጅ አንጓ የሚያልፈው ነርቭ ሲጨመቅ እንዲህ ያደርጋል፣ ከቆየ ጡንቻም ያደክማል። ወጌሻ ጋ ሄደህ እንዳታሳሸው። በዚህ ሳምንት ሂድ፤ ሄድኩ ብለህም ጻፍልኝ።

«መብራት ከጠፋ ራንክድ (ደረጃ የሚያዝበት ግጥሚያ) ላይ ሽንፈት ይቆጠርብኛል?» ይቆጠርብሃል። እኔ ሦስት ጊዜ ተቆጥሮብኛል፤ አንዱን እያሸነፍኩ ነበር።