ርካሽ ጨው ለባሕር ውሃ አኳሪየም፦ ጥያቄና መልስ

ቤት ውስጥ የባሕር ዓሣና ኮራል የሚያረቡ ሰዎች ስለ ጨው ግዢ የላኳቸው ጥያቄዎች ናቸው። ተመሳሳዮቹ ተጠቃለው ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ሁለት ባልዲ ጨው እያወዳደርኩ ነው፤ ዋጋቸውም፣ "ይህን ያህል ጋሎን ይወጣዋል" የሚለው ጽሑፍም ይለያያል። የቱ ነው ርካሹ?

መልስ፦ በጋሎኑ አይመሩ። አንዳንድ አምራች ያንን ቁጥር የሚያሰላው ጨዋማነቱ ዝቅ ባለ ውሃ፣ በ1.022 ስፔሲፊክ ግራቪቲ (ውሃው ከንጹሕ ውሃ አንጻር ያለው ክብደት) አካባቢ ነው። ኮራል የሚፈልገው ደግሞ 35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ ጨው) ነው፤ ይህም በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.026 ገደማ ይሆናል። በዚህ ልክ ሲበጠብጡት የተጻፈው ጋሎን አይሞላም። መያዝ ያለብዎት ሁለት ነገር ነው፦ የጨውን ክብደትና በአንድ ሊትር ስንት ግራም እንደሚገባ። ድብልቆች በውስጣቸው የያዙት እርጥበት ስለሚለያይ ለ35 ፒፒቲ በሊትር ከ36 እስከ 40 ግራም ይፈጃሉ። ስሌቱን ለማሳየት ያህል፦ 20 ኪሎው 60 ዶላር የሆነና በሊትር 40 ግራም የሚበላ ጨው 500 ሊትር ያወጣል፤ ሊትሩ 12 ሳንቲም መጣ ማለት ነው። 22 ኪሎው 66 ዶላር የሆነና 36 ግራም የሚበቃው ግን 611 ሊትር ያወጣል፤ ሊትሩ ከ11 ሳንቲም በታች ነው። ባልዲው ተወዶ ውሃው ረከሰ። የማጓጓዣውን ሂሳብ መደመር አይርሱ፤ ጨው ከባድ ስለሆነ ቅናሹን ብዙ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ከውጭ የሚመጣው አይቀመስም። የአፍዴራን ጨው በተጣራ ውሃ ብበጠብጠውስ? ጨው ያው ጨው አይደል?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲተን በቅድሚያ የሚዘቅጠው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ቀጥሎ ጂፕሰም። የምንበላው ጨው ከእነሱ በኋላ ይወጣል። ማግኒዥየሙና ፖታሲየሙ ደግሞ መጨረሻ በሚቀረው መራራ ውሃ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ እጅህ የሚገባው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ለገበያ ሲወጣ ደግሞ አዮዲን ይጨመርበታል። የባሕር ውሃ ግን በአንድ ሊትር 410 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም፣ 1300 ሚሊግራም ያህል ማግኒዥየም አለው፤ አልካሊኒቲውም (አሲድን የመቋቋም አቅሙ፤ መለኪያው ዲኬኤች ይባላል) 7 ዲኬኤች አካባቢ ነው። በምግብ ጨው ውሃ ሪፍራክቶሜትሩ (ጨዋማነትን በብርሃን መታጠፍ የሚለካው መሣሪያ) 35 ቢያሳይህም መሣሪያው የሚያየው አጠቃላይ የሟሟውን ነገር እንጂ ምን እንደሟሟ አይደለም። ኮራሉ አጽሙን የሚሠራበት አያገኝም፤ ዓሣውም አይሰነብትም።

ማግኒዥየም ክሎራይድ፣ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ፖታሲየም ክሎራይድና ሶዲየም ባይካርቦኔት ገዝቶ ራስ መቀመም ይቻላል። ነገር ግን ንጽሕናቸው የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ ለአንድ ትንሽ ገንዳ ደግሞ ወጪው አይቀንስም። በጀቱ ካልፈቀደ ጨው በሌለበት ውሃ የሚኖር ዓሣ መያዝ ይሻላል፤ ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጥህ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው። ባሕሩ እያለ ለምን ጨው እገዛለሁ?

መልስ፦ መቅዳት ይቻላል፤ ግን የባሕረ ሰላጤው ውሃ ከ40 ፒፒቲ በላይ ስለሆነ መቅጠን አለበት። 100 ሊትር ባለ 40 ውሃ 35 እንዲሆን 14 ሊትር ተኩል ያህል የተጣራ ውሃ ይጨመርበታል። ከወደብ፣ ከጀልባ ማቆሚያና የባሕር ውሃ ለመጠጥ ሲጣራ የሚተርፈው በጣም ጨዋማ ውሃ ከሚለቀቅበት ራቂ። የቀዳሽውን ውሃ በጥሩ ማጣሪያ አሳልፊው።

ጥያቄ፦ "ሪፍ" (የኮራል አለት) የሚል የተጻፈበት ጨው ይወደዳል። የግድ ነው?

መልስ፦ ዓሣ ብቻ ከሆነ ግድ አይደለም፤ ኢንስታንት ኦሽን የሚባለው ጨው ወይም ሬድ ሲ የተባለው ኩባንያ ሰማያዊ ባልዲ ይበቃል። ለስላሳ ኮራልም በዚሁ ይኖራል። ሪፍ ክሪስታልስና ኮራል ፕሮ የሚባሉት የሪፍ ጨዎች የሚጠቅሙት ካልሲየምና አልካሊኒቲ ቶሎ ለሚጨርሱ ጠንካራ አጽም ላላቸው ኮራሎች ነው። እነዚህን ስትጠቀም ጥንቃቄ አድርግ። ገንዳህ 8 ዲኬኤች ሆኖ አዲሱ ውሃ 11 ቢሆን፣ ከገንዳው ውሃ 10 በመቶውን ብትቀይር ከፍ የሚለው 0.3 ብቻ ነው። ግማሹን በአንድ ጊዜ ብትቀይር ግን በ1.5 ይዘላል፤ የአንዳንድ ኮራል ጫፍ የሚነጣው ያኔ ነው።

በርካሹ ጨው ላይ የጎደለውን መሙላትም ይቻላል። ለ100 ሊትር ውሃ አልካሊኒቲን በ1 ዲኬኤች ለማሳደግ 3 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት፤ ካልሲየምን በሊትር 20 ሚሊግራም ለማሳደግ 7.3 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትጨምራቸው፤ አንዱ ሟሙቶ በደንብ ከተሰራጨ በኋላ ነው ሌላው።

ጥያቄ፦ ገንዳዬ 75 ሊትር ናት። ትልቁን ባልዲ ልግዛ?

መልስ፦ ሂሳቡን እንይ እህቴ። መጀመሪያ ለመሙላት 3 ኪሎ የማይሞላ ጨው ያስፈልጋል። በየሳምንቱ 10 በመቶ ብትቀይሪ 7.5 ሊትር ነው፤ በሊትር 38 ግራም ሲታሰብ 285 ግራም፣ በዓመት 15 ኪሎ ገደማ። ባለ 20 ኪሎው ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል ማለት ነው። ችግሩ እርጥበት ነው። በድብልቁ ውስጥ ያሉት ማግኒዥየም ክሎራይድና ካልሲየም ክሎራይድ ከአየር ላይ ውሃ ይስባሉ፤ ያኔ ካልሲየሙና ባይካርቦኔቱ እዚያው ባልዲ ውስጥ ይገናኙና የማይሟሟ ነጭ ጓል ይሆናሉ። ክዳኑ ላስቲክ ያለው ባልዲ ከሆነና ከወለል ከፍ ካደረግሽው ግዢው፤ ካልሆነ በትናንሽ ከረጢት የታሸገው ይሻላል። በመንገድ ላይ ደቃቁ ወደ ታች፣ ሻካራው ወደ ላይ ስለሚለይ ባልዲውን ከመክፈትሽ በፊት አንከባልዪው። በኩባያ ሳይሆን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኚ።

ጥያቄ፦ በጠበጥኩት፣ ውሃው ወተት መሰለ፤ ጠዋት ከስሩ ነጭ ዝቃጭ አለ። ጨው ተጭበርብሬ ይሆን?

መልስ፦ ምናልባት ጨውን አስቀድመው ከተው ውሃ አፍስሰውበት ይሆናል። ያኔ ታች ያለው ውሃ ከመጠን በላይ ይወፍርና ካልሲየም ካርቦኔት ይዘቅጣል። ዝቃጩ ያልሟሟ ጨው ሳይሆን ከውሃው የወጣ ካልሲየምና አልካሊኒቲ ነው፤ ቢያማስሉትም አይመለስም። ውሃውን አስቀድመው ያስገቡ፤ ፓምፕ ያስነሱ፤ ጨውን በጥቂት በጥቂቱ ይበትኑ። ማሞቂያውን ጨው ከሟሟ በኋላ ያብሩ፤ ሙቀት ዝቃጩን ያባብሳል። አልካሊኒቲው ከፍ ያለ ጨው እስኪጠራ እንጂ ለቀናት አይታሽ።

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃ አይሆንም?

መልስ፦ በዋሽንግተን ዲሲና በአርሊንግተን ቧንቧ የሚመጣው ውሃ አብዛኛውን ዓመት ክሎራሚን (ጀርም ለመግደል የሚጨመር የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ) አለው፤ በጸደይ ለጥቂት ሳምንት ወደ ክሎሪን ይቀየራል። ክሎራሚን ዝም ብሎ በማሳደር አይወጣም። በኬሚካል ሲሰበርም አሞኒያ ይለቃል። ከአሮጌ ቱቦ የሚመጣ መዳብ ደግሞ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይገድላል። በካርቦን፣ በአርኦና በዲአይ ማጣሪያዎች ያለፈ፣ ቲዲኤሱ (በውስጡ የሟሟው ነገር መጠን) 0 የሆነ ውሃ ተጠቀም። ለጨው ያወጣኸውን ገንዘብ በመጥፎ ውሃ አታባክነው።

ጥያቄ፦ ጨዋማነትን ለመለካት ሪፍራክቶሜትር ነው ወይስ ሃይድሮሜትር (በውሃው ውስጥ ተንሳፋፊ ክንድ ያለው)?

መልስ፦ ሪፍራክቶሜትር፤ በተጣራ ውሃ ሳይሆን በ35 ፒፒቲ ማስተካከያ ፈሳሽ ይስተካከላል። የሃይድሮሜትር ክንድ ላይ አረፋ ከተጣበቀ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል፤ አንኳኩተህ አራግፈው።

ጥያቄ፦ ውሃው እየቀነሰ ነው፤ በየቀኑ ጨው ውሃ እየጨመርኩ ባልዲው ሊያልቅብኝ ነው።

መልስ፦ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው ይቀራል። በጎደለው ልክ ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ብቻ ጨምሪ። እስካሁን ጨው ውሃ ስትጨምሪ ስለነበር ዛሬውኑ ለኪ፤ ከ35 በላይ ከወጣ በየቀኑ 1 ፒፒቲ ያህል እያወረድሽ መልሺው።